የተገዘተ ለቅሶ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገራችን ሰው። ቄስ ወልደ ኪዳን ከተመነጠሩት ወገን እንዳልሆኑ የላሊበላ ገበያ በሙሉ ይመሰክራል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሠሩት እሳቸው ናቸውና፣ ሰም ሲገዙ ሞራ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ቆርሰው ያኝኩታል፤ አኝከው ሲጨርሱም ሻጩን «እስቲ አንተም አኝከው» ይሉታል። መጠርጠር በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ሰው ሁሉን ጠርጥሮ ራሱን መጠርጠር ሲረሳ ነው።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ቄሱ ከኪዳን እንደ ወጡ አንድ ጠርሙስ ጸበልና የታጠፈ ጋቢ ይዘው ባጃጅ አስቆሙ። ጸበሉ ለልጅ ልጃቸው ለአመተ ጊዮርጊስ ነው። ጋቢውም ለእሷው ነው፤ ጠቅልለው ተሸክመው ከጤና ጣቢያ ሊያወጧት ቆርጠዋል። ባጃጁ ውስጥ የመንገድ አቧራ ያልተራገፈበት ሻንጣ ያቀፈች አንዲት ወጣት ቀድማ ተቀምጣለች።

«ይባርኩኝ አባቴ» ብላ ጎንበስ አለች።

መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይባርክሽ። ከሩቅ ነው የመጣሽው?»

«ከደሴ ነኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ መመለሴ ነው። እርስዎስ በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«ልጄን ከጤና ጣቢያ ላወጣ። ስድስት ዓመቷ ነው። የፈላ ሰም ፈስሶባት፣ ከጭኗ እስከ ጉልበቷ በታች ተቃጥላለች። ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ።» ድምፃቸው ወረደ። «የጧፉን ክር ያዢልኝ ያልኳት እኔው ነኝ።»

«እግዜር ይማርልዎ። ታዲያ ተሽሏት ነው የሚያወጧት?»

«ምኑን ተሻላት!» አሉ ቄሱ፤ ሆድ ብሷቸው ነበርና አላቆሙም። «እናቷ አራስ ናት፣ አባቷ ለሥራ ፍላቂት ነው፤ የማስታምማት እኔ ነኝ። በየሁለት ቀኑ ቁስሉን ያጥባሉ። ልጄ ጨዋ ናት፤ ሲያጥቧት አንዲት ቃል አይወጣትም። ነርሶቹ ራሳቸው ‹እንዲህ ያለ ልጅ አይተን አናውቅም› ብለው መስክረዋል። ግን እህል እንቢ አለች። ጉልበቷን አጥፋ ይዛ አትዘረጋም። አሥር ጊዜ ብጠራት አንዴ አትመልስልኝም፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ ነው። ሕመም የሌለበት ልጅ እንዲህ ይሆናል? አንድ ነገር ቢወጓት ነው እንጂ! መለማመጃ አድርገዋታል እላለሁ።»

ወጣቷ ሻንጣዋን ይበልጥ አቀፈችው። «አባቴ፣ ማልቀስ ያቆመችው መቼ ነው?»

ቄሱ ዞር ብለው አዩአት። ሥራ የሌላት መንገደኛ እንዲህ ያለ ጥያቄ አትጠይቅም። «ምን አስጠየቀሽ? ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ነርስ ነኝ። ሰርክአዲስ እባላለሁ፤ እዚያው ነው የምሠራው። ሥልጠና ላይ ስለነበርኩ ነው ያልተያየነው። ልነግርዎ ብዬ ፋታ አጣሁ።»

ቄስ ወልደ ኪዳን የጸበሉን ጠርሙስ ወደ ብብታቸው ሸጎጡት። እስካሁን ያወሩትን በልባቸው መልሰው መረመሩ፤ ወሬ ያወጣጣቻቸው መሰላቸው። የመጨረሻ ጥያቄዋንም ሳይመልሱ ቀሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ነገር ለማንም አይነገርም ብለው።

የቤተ ክርስቲያኑ ነገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቁስሉ ሲታጠብ የአመተ ጊዮርጊስ ጩኸት እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በር ላይ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ወሬውን አቁሞ አዳመጠ፤ ግማሹ ደግሞ የቄሱ የንስሐ ልጅ ነው። ቄሱ አፈሩ። ጩኸቷ የገዛ ጥፋታቸውን መልሶ መላልሶ ይነግራቸው ነበር፤ ይህን ግን ያን ጊዜ ልብ አላሉትም። መስቀላቸውን አወጡና «በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ገዝቼሻለሁ፤ ከእንግዲህ አንዲት ድምፅ እንዳትወጣሽ!» አሏት። ልጅቱ ጸጥ አለች፤ እንደዚያው ጸጥ እንዳለች ቀረች። ነርሶቹ ተደንቀው ካርዷ ላይ «ሕመም የለም» ብለው ጻፉ። በላስታ የካህን ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። የተገዘተ ዛፍ የሚቆርጥ ጎበዝ የለም፤ እንኳን የስድስት ዓመት ልጅ ሽማግሌም ይፈራዋል። ቄሱ ግን የልጅቱ ዝምታ ከግዝታቸው መምጣቱን ዘንግተው ጨዋነት ብለው ይኮሩበት ነበር።

ስድስት አልጋ ያላት ትንሿ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የነርሶቹ አለቃ ሲስተር አሰለች የመውጫውን ወረቀት ይዘው ጠበቋቸው። ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ የቆዩ፣ እጃቸው ፈጣን፣ አፋቸውም ከእጃቸው የማይዘገይ ሴት ናቸው።

«ሰርኬ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። ቄሱ ልጃቸውን ካላወጣሁ ብለዋል፤ መክረን መክረን እምቢ አሉ። ይፈርሙና ይውሰዷት።»

«አባቴ፣ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁልኝ» አለች ሰርክአዲስ። «ጉልበቷ ታጥፎ እንዳለ ከሄደች ቁስሉ እንደ ታጠፈ ይድናል። ቆዳው አጥሮ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ስታነክስ ትኖራለች።»

«ታስፈራሪኛለሽ?»

«አላስፈራራዎትም። እንድትዘረጋው ሕመሙን እናስታግስላት ነው የምለው። አንድ ሰዓት ይስጡኝ፤ ከዚያ በኋላ ካላመኑኝ ጋቢውን እኔ ራሴ አለብስልዎታለሁ።»

አንድ ሰዓት ብዙ አይደለም። ቄሱ ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢውን ግን ከጉልበታቸው አላወረዱም። ሲስተር አሰለችም ነገሩ ምን እንደሚሆን ለማየት አጠገባቸው ቆሙ።

«ሥልጠና ነበርኩ አልሽኝ» አሉ ቄሱ። «ምን ተማርሽ?»

«የልጆችን ሕመም ማወቅና ማስታገስ።»

ቄሱ ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ሕመም ማወቅ ሥልጠና ይፈልጋል? ታዲያ ስትመረቂ ምን ተምረሽ ነበር?»

«አራት ዓመት ተምሬ ስለ ልጆች ሕመም የተነገረኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሱንም መምህራችን ፈተና ላይ አይወጣም ብለው ቶሎ አለፉት።»

«እንግዲያው አታውቁም ማለት ነው!» አሉና ወደ ሲስተር አሰለች ዞሩ። «ሰሙ? በገዛ አፏ መሰከረች። ለማያውቅ ሰው ልጄን ልተው?»

ቄስ ወልደ ኪዳን አውቃለሁ የሚላቸውን ይጠረጥራሉ፤ አላውቅም የሚላቸውን ደግሞ የባሰ ይጠረጥራሉ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መነጋገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ደግነቱ ሰርክአዲስ ያደገችው ካህናት መካከል ነውና በየት በኩል እንደሚገባ ታውቃለች።

«አባቴ፣ ቅኔ የተማሩት የት ነው?»

«ዋድላ ነዋ። ምነው?»

«ድጓውንስ?»

«ድጓ ወደሚመሰከርበት ጉባኤ ቤት፣ ቤተልሔም ድረስ በእግሬ ሄጄ አስመስክሬ መጣሁ።»

«ቅኔ አውቀው ሳለ ያን ሁሉ መንገድ ለምን ደከሙ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ቅኔ ሌላ፣ ድጓ ሌላ! ቅኔ ያወቀ ሁሉ ድጓ ያውቃል ያለሽ ማነው?»

«የቅኔ መምህርዎ ‹እኔ ድጓ አልተማርኩም፤ ወደሚያውቀው ሂድ› ቢሉዎት ይንቋቸው ነበር?»

«ለምን እንቃቸዋለሁ? እውነተኛ ሰው ናቸው። የሚናቀው ሳያስመሰክር የድጓ መምህር ነኝ የሚለው ነው» አሉ። ከዚያ ንግግራቸው ወዴት እንደ ወሰዳቸው ገባቸውና ጢማቸውን ያዙ።

«እኛም እንደዚያው ነን። መርፌ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ ተምረናል። የልጅን ሕመም ከፊቱና ከሰውነቱ ላይ ማንበብ ግን ራሱን የቻለ ጉባኤ ነው፤ እዚያ አልገባንም ነበር። ያለቀሰ አመመው፣ ዝም ያለ አላመመውም ብለን ነው ስንጽፍ የኖርነው። እኔ ሁለት ሳምንት ገባሁ፤ የቀሩት ጓደኞቼ ገና አልገቡም።»

እዚህ ላይ ሲስተር አሰለች አላስችል አላቸው። «ሰርኬ፣ አልዋሽሽም፤ እኔ ማስታገሻውን እፈራዋለሁ። በሕፃን ላይ ጠንካራ መድኃኒት? ትንፋሹ ቢቆምስ? ሱስ ቢሆንበትስ? ሠላሳ ዓመት ያለ እሱ ሠርቻለሁ። ልጅ ያለቅሳል፤ ነገ ይረሳዋል።»

«እሱን ነው እኔም የምለው!» አሉ ቄሱ፤ ያልጠበቁት ረዳት አግኝተው ደስ አላቸው።

«የሚረሳ መስሎን ነው፣ ሲስተር። ክንዱ ተሰብሮ ከብልባላ የመጣው ልጅ ትዝ ይልዎታል? አራት ሆነን ይዘን ያሰርንለት?»

«ይለኛል እንጂ።»

«እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዓመቱ ጆሮው መግል ቋጥሮ እናቱ እዚህ በር ድረስ አመጣችው። ነጭ ጋወን ሲያይ ከእጇ አምልጦ ሮጠ፤ ቢባል ቢባል አልገባም አለ። እሷም መልሳ ወሰደችው። ዛሬ የሚሰማው በአንድ ጆሮው ነው። ማስታገሻ ቢያገኝ ኖሮ አይጎዳውም ነበር፤ ማጣቱ ግን ጆሮውን አስከፈለው። ለዚህ ነው ሥልጠናው ሲመጣ እኔ ልሂድ ብዬ የለመንኩት።»

የዚያን ልጅ ክንድ ያሰሩት ሲስተር አሰለች ናቸው፤ የጆሮውን ነገር ግን ገና አሁን መስማታቸው ነው።

«መድኃኒቱንም በግምት አንሰጥም» አለች ሰርክአዲስ ቀጥላ። «ልጁ ይመዘናል፤ በኪሎው ልክ ይሰላል። ከቀላሉ ሽሮፕ እንጀምራለን። እሱ ካልበቃ ሐኪሙ ጠንከር ያለውን ያዛል፤ ያን ጊዜ አተነፋፈሱን እየቆጠርን አጠገቡ እንቆያለን። ለሕመም ተለክቶ፣ ሐኪም እያየው፣ ለጥቂት ቀን የተሰጠ ነገር ሱስ የማስያዝ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ዋናው ደግሞ ሰዓቱ ነው፤ ማስታገሻ ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት ካልተሰጠ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።»

ቄሱ ይህን ሁሉ ሰምተው የመጨረሻውን መከላከያ አወጡ። «ልጄ፣ ሕመም ከእግዚአብሔር ነው። በስሙ የሰየምናት ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ሰባት ዓመት መከራ ተቀብሎ አላጉረመረመም። እሷም ብትታገሥ ዋጋዋን ታገኛለች።»

«ሰማዕቱ ወዶ ነው የተቀበለው፣ አባቴ፤ ማንም ይዞ አላስገደደውም። አመተ ጊዮርጊስን ማን ጠየቃት? ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም ብላ አታስገድድም። ጾም ያልተጣለበትን ሕፃን መከራ እንጣልበት?»

ቄሱ አሁንም አላመኗትም፤ ይህቺ ልጅ አፏ ስለት ነው፣ አፍ ደግሞ ቁስል አያድንም ብለው በልባቸው ተከራከሩ። «እስቲ ልጅቱን አሳዪኝ» ብለው ተነሡ።

አመተ ጊዮርጊስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። ሰርክአዲስ አልጋው ጫፍ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች፤ ዓይኗ ከልጅቱ ዓይን እንዲተካከል። ከዚያ ስድስት ክብ ፊቶች የተሳሉበት ወረቀት አወጣች። የመጀመሪያው ይስቃል፣ የመጨረሻው ያለቅሳል።

ቄሱ ወረቀቱን ሲያዩ ተቆጡ። «ምንድን ነው ይሄ? ዓይን ብቻ! የጠንቋይ ክታብ ነው?»

«ክታብ አይደለም አባቴ። ልጅ ሕመሙን በቃል መናገር ሲያቅተው በጣቱ የሚያሳይበት ነው። አመቴ፣ እኔ ሰርኬ እባላለሁ። እግርሽ ከነዚህ የትኛውን ይመስላል?»

ልጅቱ ወረቀቱን አየች። ከዚያ አያቷን አየች። ከዚያም ጣቷን አውጥታ የሚስቀውን ፊት ነካች።

«አየሽ!» አሉ ቄስ ወልደ ኪዳን። «አላመማትም! ወረቀትሽ ራሱ መሰከረብሽ።» አሸንፈው ነበር፤ ግን ድሉ ደስ አላላቸውም፤ ለምን እንደሆነም አላወቁም።

ሰርክአዲስ አልተከራከረችም። «አባቴ፣ እኛ የተማርነው አፏን ብቻ እንድንሰማ አይደለም። የእግሯን ጣቶች ይመልከቱልኝ።»

የልጅቱ የእግር ጣቶች እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል። ግንባሯ በቀዝቃዛው ጠዋት አልቦታል። ሰርክአዲስ ነጠላውን በዝግታ ገለጥ አድርጋ የልጅቱን ግራ ክንድ አወጣች። ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ የጥርስ ምልክት ነው፤ አንዳንዱ የጠቆረ፣ አንዳንዱ ገና የቀላ፣ ትናንሽ የወተት ጥርስ ምልክት። ቁስሏ በታጠበ ቁጥር በነጠላዋ ተከልላ የገዛ ሥጋዋን ስትነክስ ኖራለች።

ሲስተር አሰለች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያችን ልጅ ሲያክሙ ያንን ክንድ አንድም ቀን ገልጠው አላዩም።

«አመትዬ» አሉ ቄሱ። «ምነው ልጄ? ለምን አመመኝ አላልሽም?»

ልጅቱ በስንት ቀኗ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ገዝተውኛላ፣ አባባ» አለች በሹክሹክታ። «ድምፅ ከወጣኝ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይጣላኛል።»

ቄስ ወልደ ኪዳን ሲጠረጥሩት የኖሩትን ሰው ያን ጊዜ አገኙት። መርፌውን ጠርጥረው ነበር፣ ነርሶቹን ጠርጥረው ነበር፣ ወረቀቱን ጠርጥረው ነበር። የሰሙን ብረት ድስት ምድጃው ዳር ላይ ያስቀመጠው፣ ልጅቱንም አፏን ዘግቶ ለሕመሟ አሳልፎ የሰጠው ግን ሌላ ማንም አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ ስንቱን ንስሐ አስገብተዋል፤ የገዛ ልጃቸውን ግን በግዝት አስደብቀዋታል። ጋቢው ከእጃቸው ወለሉ ላይ ወደቀ።

በጉልበታቸው ተንበርክከው መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ። ፈትቼሻለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስም አይጣላሽም፤ የሚጣላው ከእኔ ጋር ነው። አልቅሺ። እንደ ልብሽ አልቅሺ።»

ሰርክአዲስ ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችው። የአመተ ጊዮርጊስ ጣት ከሚስቀው ፊት ተነሥታ አንዱን አልፋ፣ ሌላውን አልፋ፣ መጨረሻ ላይ ያለው የሚያለቅሰው ፊት ላይ አረፈች። ከዚያ ለቅሶው መጣ። አሥራ አንድ ቀን የተጠራቀመ ለቅሶ ነበርና እንደ መጀመሪያው ቀን እስከ አስፋልቱ ተሰማ። በር ላይ ያለው ሕዝብ ዳግመኛ ወሬውን አቁሞ አዳመጠ። ቄሱም አብረው አለቀሱ፤ በዚህ ጊዜ ማንንም አላፈሩም።

የቀረው ሥራ የሰርክአዲስ ነው። ልጅቱ ተመዘነች፤ ሐኪሙ አዘዘላት፤ ሽሮፑን ጠጣች፤ መድኃኒቱ እስኪሠራም ተጠበቀ። ፋሻው በደረቁ ከመላጥ ፋንታ በውሃ ርሶ በዝግታ ተነሣ። በግድ የሚይዛት ሰው አልነበረም። አያቷ ራስጌዋ ተቀምጠው በሕፃንነታቸው የቆሎ ተማሪ ሳሉ ውሻ ያባረራቸውን ሲያወሩላት፣ አንድ ጊዜ «አቁሙ!» አለች፤ ሰርክአዲስም አቆመች። ያ መቆም ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ሲናገር እንደሚሰማ ካወቀ ግማሹ ፍርሃት ይለቀዋል። ያን ቀን ማታ አመተ ጊዮርጊስ ገንፎ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ በሦስተኛው እጥበት ጉልበቷ ትንሽ ተዘረጋ።

ሲስተር አሰለች ካርዱን አወጡና «ሕመም የለም» የሚለውን በገዛ እጃቸው ሰርዘው «አልጠየቅናትም ነበር» ብለው ጻፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ነርሶቹን ሁሉ ሰብስበው «ሰርኬ የተማረችውን ታስተምረናለች፤ የቀረውን የሚሞላ ሥልጠና ደግሞ ለሁላችን እንዲመጣ ደብዳቤ እንጽፋለን። እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ» አሉ። ቄስ ወልደ ኪዳንም ሳይጠሩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እግዜር ይስጣቸውና ጥፋታቸውን አልሸፈኑም።

«ልጆቼ» አሏቸው፣ «እኔ ልጄን ገዝቼ ዝም አሰኘኋት፤ እናንተም ዝምታዋን አምናችሁ ጻፋችሁ። ሁላችንም አላወቅንም። እንግዲህ እኔ በየሰንበቱ ለሕዝቡ ልንገር፤ ልጅን ‹አታልቅስ› ብላችሁ ወደ ሐኪም አታምጡ፣ ‹የሚያምህን ንገር› ብላችሁ አምጡ እላለሁ። እናንተም ሲነግራችሁ የምትሰሙበትን ተማሩ። ልጁ ከሐኪም ቤት ሳይሸሽ ያድጋል፣ ቁስሉ ቶሎ ይድናል፣ እናቱም ሁለተኛ ልጇን ሳትፈራ ታመጣለች። ከዚህ የበለጠ ምን ጥቅም አለ?»

በኅዳር ጊዮርጊስ ማግስት አመተ ጊዮርጊስ ከጤና ጣቢያው በእግሯ ወጣች። ጋቢው አላስፈለገም። ቄሱ እጇን ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉልበቷን ላለማስጨነቅ እርምጃቸውን አሳጠሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ልጅቱ ቆመች።

«አባባ» አለች፣ «ትንሽ አመመኝ።»

ቄስ ወልደ ኪዳን ቆባቸውን አወለቁ። «ተመስገን» አሉና ድንጋዩ ላይ አብረዋት ተቀመጡ።